ገመዱና መዝገቡ፤ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ልጆች ያልተጻፈው የበጀት መስመር

የዛሬው ጽሑፌ መነሻ አንድ ገመድ ነው። በልጅነቴ፣ በታች ጋይንት፣ ከአንድ ጎረቤታችን ቤት ምሰሶ ላይ ታስሮ የማውቀው ጠፍር ነበር። ከጥጃ ማሰሪያ በምንም አይለይም። በሌላኛው ጫፉ ግን ጥጃ አልነበረም፤ በዕድሜ ከእኔ ጥቂት ከፍ የሚል፣ አፉን ያልፈታ፣ ሲደሰት እጆቹን እያርገበገበ የሚስቅ ልጅ ነበር። እናቱ ጨካኝ ሴት አልነበረችም። ባሏ የሞተባት፣ በምግብ ለሥራ ፕሮግራም እርከን ለመሥራት ገና ሳይነጋ ከቤት የምትወጣ፣ ልጇን ይዛው ብትሄድ ገደል፣ ትታው ብትሄድ እሳት የሚያሰጋት ሴት ነበረች። ስለዚህ አሰረችው። ማታ ስትመለስ የመጀመሪያ ሥራዋ ገመዱን መፍታትና የተላጠ ቁርጭምጭሚቱን ቅቤ መቀባት ነበር። እኛ ልጆች «ሞኙ» እያልን እንጠራው ነበር። የክርስትና ስሙን የሰማሁት በፍትሐቱ ቀን ነው።

ይህን የማነሣው እናቲቱን ለመክሰስ አይደለም። እርሷ ያላትን ሁሉ ሰጥታለች፤ ያላት ደግሞ ገመድ ብቻ ነበር። ክሴ፣ ክስ ከተባለ፣ ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል። በሙያዬ የታሪክ መምህር እንደመሆኔ መጠን፣ ያ ገመድ በዚያ ምሰሶ ላይ እንዴት ብቸኛው አገልግሎት ሆኖ እንደቀረ መጠየቅ ግዴታዬ ይመስለኛል። መልሱን ከወዲሁ ልናገር፦ መንግሥት በመዝገቡ የጻፈውን ነገር፣ መልካምም ይሁን ክፉ፣ ጋይንት ድረስ አድርሶታል፤ ያልጻፈውን ግን ለእናት ገመድ ትቶታል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በዚያ መዝገብ ውስጥ መስመር ኖሯቸው አያውቅም።

መንግሥት ወደ ጋይንት የመጣባቸው መንገዶች

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ከደብረ ታቦር በስተምሥራቅና በስተደቡብ፣ ጉና ተራራን ተደግፈው እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ሸለቆዎች የሚወርዱ አገሮች ናቸው። «ሩቅ» ይባላሉ። አንድ አገልግሎት ለምን እንዳልደረሰ ሲጠየቅ ባለሥልጣናት ደጋግመው የሚሰጡት ምክንያት ይኸው ርቀት ነው። ታሪክ ግን ይህን ምክንያት አይቀበለውም።

በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት የተሠራውን፣ ወደ 7 ቶን ይመዝናል የሚባለውን ሴባስቶፖል የተሰኘ መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ያስጎተቱት በዚሁ አገር በኩል ነው። መንገድ አልነበረም፤ ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ገደል እየተናደ ተሠራ። በመጋቢት 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ የወደቁበት የአንቺም ጦርነት የተካሄደው በዚሁ አቅጣጫ ባለው ደጋ ላይ ነው፤ የማእከላዊው መንግሥት አውሮፕላን እንኳ በዚያ ሰማይ ላይ ታይቷል። በደርግ ዘመን ደግሞ ከወረታ እስከ ወልድያ የተዘረጋው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» የሚለው ጎዳና ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን አቋርጦ አለፈ። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ጊዜ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ የተደረገው ሠፈራ ከወሎ፣ ከጎንደርና ከሌሎችም በድርቅ ከተጎዱ አካባቢዎች ሰው ጭኖ ሲወስድ መኪና አልጠፋም።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የልማታዊ ሴፍትኔት ፕሮግራም ወደነዚህ ወረዳዎች ገባ። በየቀበሌው የቤተሰብ ስም ተመዘገበ፤ መሥራት የሚችለው ከማይችለው ተለየ፤ ስንት ቀን ሥራ ስንት ብር ወይም ስንት ኪሎ እህል እንደሚያስገኝ ተሰላ። ፕሮግራሙ መሥራት ለማይችሉ ቤተሰቦች «ቀጥተኛ ድጋፍ» የሚል ክፍል አለው፤ ብዙ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ከረሃብ አትርፏል፤ ይህን መካድ ኃጢአት ነው። ነገር ግን የፕሮግራሙ ሚዛን የሚመዝነው በቤቱ ውስጥ ያለውን የሚሠራ ክንድ ነው። እናትየው ጤነኛ ከሆነች ቤቱ «መሥራት የሚችል» ነው። ልጇን ቀኑን ሙሉ መጠበቅ፣ ማጉረስና ማጠብ፣ ከእሳትና ከገደል ማዳን በሥራ አይቆጠርም። እንግዲህ ያን ገመድ ምሰሶው ላይ ያሰረው ማን ነው? እናቲቱ ብቻ ናትን?

እንግዲህ ርቀቱ ችግር አልነበረም። መድፍ ደርሷል፤ አውሮፕላን ደርሷል፤ ጎዳና ደርሷል፤ የስንዴ ከረጢት ደርሷል። የደረሰው ሁሉ የታዘዘለትና የተመደበለት ነገር ነው።

የጥንቱ መጠጊያ

«ቀድሞስ እንዴት ይኖሩ ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ጥንቱን ማስዋብም ማጥላላትም አይገባም። ጋይንት የሊቃውንት አገር ነው። የድጓ መምህራን የሚመሰክሩበት ቤተልሔም የሚገኘው በዚሁ ነው። በቃል ጥናት ላይ የቆመው የአብነት ትምህርት ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ትልቅ ስፍራ ነበረው፤ ዓይናቸው የማያይ መሪጌቶች የሚያዩትን ሲያስተምሩ ኖረዋል። ይህ ማንም የውጭ ድርጅት ሳያስተምረን በገዛ ባህላችን የሠራነው «አካቶ ትምህርት» ነው፤ ልንኮራበት ይገባል።

ነገር ግን ያው በቃል ጥናት ላይ የቆመ ትምህርት፣ ቃል የማይዝለትን ልጅ ሊያስጠጋው አልቻለም። የእርሱ ስፍራ ሌላ ነበር፦ ከከብት ኋላ መሄድ፣ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መዋል፣ ጠበል መጠመቅ። ቤተሰቡ ሰፊ፣ ግጦሹም ሰፊ በነበረበት ጊዜ አያት፣ አክስት፣ የአጎት ልጅ እየተቀባበሉ ይጠብቁት ነበር። ስድብም ነበር፤ እርግማን ነው፣ ቡዳ በላው የሚል ሐሜትም ነበር፤ ቢሆንም ልጁ የሚውልበት ሜዳ ነበረው። ዛሬ መሬቱ በውርስ ተቆራርሶ ከእጅ መዳፍ አላለፈም፤ ተራራው ታጥቦ ድንጋይ ቀርቶታል፤ ጎረምሳው ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሑመራ ይወርዳል። ቤት የሚቀሩት እናትና ልጅ ናቸው። የጥንቱ መጠጊያ ሲላላ፣ በስፍራው የተተካ መንግሥታዊ መጠጊያ አልተሠራም። በሁለቱ መካከል የቀረው ገመድ ነው።

ሕጉ ምን አለ?

ሕጎቻችን ስለነዚህ ሰዎች ጨርሶ ዝም አላሉም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከ339ኛው አንቀጽ ጀምሮ ስለ እነርሱ ይናገራል። ነገር ግን የአእምሮ ዕድገታቸው ያልተሟላላቸውን ሰዎች ከአእምሮ ሕሙማን ጋር አንድ አድርጎ «እብድ» በሚል ስያሜ ሥር ያስቀምጣቸዋል። ይበልጥ የሚገርመው ቀጥሎ ያለው ድንጋጌ ነው። ከ2 ሺህ ሰው በታች በሚኖርበት ቀበሌ አንድ ሰው እብደቱ ግልጽ ነው የሚባለው፣ ቤተሰቡ ወይም አብረውት የሚኖሩት ሰዎች ሁኔታው የሚጠይቀውን ጥበቃ ሲያደርጉለትና በዚሁ ምክንያት የመዘዋወር ነፃነቱን ሲገድቡበት ነው ይላል። በሌላ አነጋገር ሕጉ ገመዱን አይቶታል። አይቶም ለማስረጃነት ተጠቀመበት፤ ስለ ውልና ስለ ንብረት ክርክር ፍርድ ለመስጠት ይረዳዋልና። ገመዱን የሚፈታ አገልግሎት ግን አላቆመም።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በትዕዛዝ ቁጥር 70 ድኩማን ይባሉ የነበሩትን ወገኖች መልሶ የሚያቋቁም መንግሥታዊ ድርጅት ተቋቋመ። የትዕዛዙ ትርጓሜ በአካልም በአእምሮም ጤና ጉድለት ምክንያት ራሳቸውን ማስተዳደር ያልቻሉትንና ደጋፊ የሌላቸውን የሚያጠቃልል ነበር። ሐሳቡ መልካም ነበር። «ደጋፊ የሌላቸው» የምትለው ቃል ግን ብዙዎችን አስቀረች፤ እናት ያለው ልጅ ደጋፊ አለውና።

ከዚያ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መጣ። አንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት የአገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን እንዲሠራ ግዴታ ይጥልበታል። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676 አጸደቀች። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የጸደቀ ዓለም አቀፍ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስለዚህ የምንከራከረው መብት ስለ መኖር አለመኖሩ አይደለም። መብቱ አለ። የምንከራከረው «አቅም በፈቀደ መጠን» ስለምትለው ሐረግ ነው። አቅም መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚያሳየው ደግሞ የበጀት ሰነድ ነው። ለ2018 በጀት ዓመት የጸደቀው የፌዴራል መንግሥት በጀት ከ1 ነጥብ 9 ትሪሊዮን ብር በላይ ነው። ከዚህ ሁሉ ገንዘብ ለአንዲት የስማዳ እናት የቀን ረዳት የሚሆን እንዴት ይጠፋል?

ያልተቆጠረ አይበጀትለትም

የገንዘብ ሰዎች ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልስ «ስንት ናቸው?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ራሱ የታሪካችን አካል ነው።

በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ አካል ጉዳተኞች ከሕዝቡ ወደ 2 በመቶ ገደማ መሆናቸው ተነገረ። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ደግሞ ከ1 ነጥብ 2 በመቶ ያልዘለሉ ሆነው ተገኙ። በእነዚያ 12 ዓመታት የአገሪቱ ሕዝብ በ20 ሚሊዮን ገደማ ጨምሯል፤ አካል ጉዳተኛው ግን በቁጥር ሳይቀር ቀነሰ። ጦርነት፣ ድርቅና ወረርሽኝ ባለፉበት አገር እንዲህ ያለ ተአምር እንዴት ሆነ? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጡት ሪፖርት ከዓለም ሕዝብ 15 በመቶው ከአንድ ዓይነት የአካል ጉዳት ጋር እንደሚኖር ገምቷል። ኢትዮጵያ ከዓለም ተለይታ የተባረከች ካልሆነች በቀር፣ ቆጠራው ያላያቸው ሰዎች አሉ ማለት ነው። ቆጣሪው በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ ምሰሶው ጋ ያለውን ልጅ ማን ይነግረዋል? እናት ታፍራለች፤ ለእኅቶቹ ትዳር ትፈራለች። ልጁም አይናገርም። «ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይላል ያገራችን ሰው፤ እዚህ ግን የቀረው ሰው ሆኖ መቆጠር ነው። አራተኛው ቆጠራ ደግሞ በተደጋጋሚ ተራዘመ።

አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ከሕዝቡ ወደ 1 በመቶ ገደማ ናቸው። ደቡብ ጎንደር በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። ይህ ምጣኔ ለእኛም ይሠራል ብንል በዞኑ ወደ 20 ሺህ ሰው ነው። ላይ ጋይንትና ስማዳ በዚያው ቆጠራ እያንዳንዳቸው ከ200 ሺህ በላይ ሕዝብ ስለነበራቸው፣ በየወረዳው ወደ 2 ሺህ ሰው ማለት ነው። ይህ ግምት እንጂ ቆጠራ አይደለም። ቆጠራውን የማድረግ ኃላፊነት የመንግሥት ነው።

የጨው ምስክርነት

«መንግሥት በዚህ ጉዳይ ምን ሊያደርግ ይችላል? የእግዚአብሔር ሥራ ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነርሱ የጨውን ታሪክ ልንገራቸው።

በእርግዝና ጊዜ በእናት ሰውነት የአዮዲን እጥረት ሲኖር የፅንሱ የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የአዮዲን እጥረትን ሊከላከሉት ከሚቻሉ የአእምሮ ጉዳት መንስኤዎች ዋነኛው ይለዋል። አዮዲን በዝናብና በጎርፍ ከታጠበ ደጋ አፈር ውስጥ ይጠፋል፤ የጉናን ግርጌ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። የስዊዘርላንድ ተራሮችም እንደ እኛው በእንቅርትና በአእምሮ ዕድገት ውስንነት የታወቁ ነበሩ። ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ አዮዲን ያለው ጨው ሲሠራጭ ግን ያ ታሪክ ሆነ።

እኛስ? እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አብዛኛው ገበታ የሚቀርበው ጨው በኤርትራ ወደቦች በኩል ይመጣ ነበር፤ አዮዲንም ይጨመርበት ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ያ ምንጭ ተዘጋ። በአፋር፣ በተለይም በአፍዴራ፣ የሚመረተው ጨው ክፍተቱን ሞላ፤ ግን አዮዲን አልነበረውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 12 ዓመት ከሆነ ከ10 ሕፃናት 4ቱ ገደማ እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። በ2003 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የሚጠቀመው ቤተሰብ 15 በመቶ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ቁጥር 204 ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው አስገደደ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ተመሳሳይ ጥናት ቁጥሩ ወደ 89 በመቶ ገደማ ደረሰ። የአዮዲኑ መጠን በሁሉም ጨው በቂ ነው ባይባልም፣ ለውጡ ትልቅ ነው።

ከዚህ የምማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ «የእግዚአብሔር ሥራ» የምንለው የጉዳቱ አንድ ክፍል የጦርነትና የጨው ንግድ ውጤት ነበር፤ ሰው ያመጣውን ሰው ሊመልሰው ይችላል። ሁለተኛው፣ መንግሥት ሲወስን በ5 ዓመት ውስጥ ከአፍዴራ ሐይቅ እስከ አርብ ገበያ ወጥ ቤት ድረስ ይደርሳል። በጨው የደረሰ መንግሥት፣ ያ ጨው ከመምጣቱ በፊት ለተወለደው ልጅ በአገልግሎት መድረስ እንዴት ያቅተዋል?

ምጽዋትና መብት

በኢትዮጵያ ለእነዚህ ልጆች የተሠራው ሥራ በአብዛኛው የወላጆች ሥራ ነው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት አጥተው በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን የከፈቱት በጥቂት ልጆች ነው። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ኦቲዝም የሚለውን ቃል ለኢትዮጵያውያን ያስተዋወቁ፣ የተዘጋ በር ሲያንኳኩ የኖሩ እናት ነበሩ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልንም የመሠረቱት ወላጆች ናቸው። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ለመካነ ኢየሱስ ወይም ለወገዳ ነዋሪ አዲስ አበባ የጉዞ ብቻ ሳይሆን የዘመን ርቀት አለው። ደግሞስ አገልግሎት የሚገኘው እንደ ወይዘሮ ዘሚ ያለ ብርቱ እናት በተገኘችበት ብቻ ከሆነ፣ ደካማይቱ እናት ምን ታድርግ?

መንግሥት ክፍተቱን በጎ አድራጊዎች እንዲሞሉት ሲጠብቅ፣ በዚያው ጊዜ አፋቸውንም ዘግቶባቸው ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 ከ10 በመቶ በላይ ገቢያቸውን ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶች በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ እንዳይሠሩ ከለከለ። ስንዴ ማደል ተፈቀደ፤ «ይህ ልጅ መብት አለው» ማለት ተከለከለ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ 10 ዓመት አለፈ። በእነዚያ 10 ዓመታት የአካል ጉዳተኞች ድምፅ የመብት ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ የልመና ድምፅ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የተራድኦ ድርጅቱን ዘጋ፤ በውጭ ገንዘብ ላይ የቆመ አገልግሎት በአንድ የሩቅ አገር ፊርማ እንደሚፈርስ ሁላችንም አየን። የራስ በጀት ያልቆመበት ቤት ምሰሶ የለውም።

ከዚሁ ከአሜሪካ አንድ ሌላ ትምህርት ልጥቀስ። በካሊፎርኒያ ግዛትም ወላጆች ለዓመታት ደጅ ጠኑ፤ ልጆቻቸውን ከትላልቅ ማቆያዎች በቀር የሚወስድላቸው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1969 ፍራንክ ላንተርማን በተባሉ የምክር ቤት አባል ስም የሚጠራው ሕግ ወጣ፤ አገልግሎቱ በየአካባቢው በሚቋቋሙ ማዕከሎች አማካይነት፣ ከግዛቱ በጀት እየተከፈለ ይሰጥ ጀመር። ዛሬ በዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም መብቱን ይጠይቃሉ። ካሊፎርኒያ ሀብታም ናት፣ እኛ ድሆች ነን፤ እውነት ነው። እኔ የምመለከተው የገንዘቡን መጠን ሳይሆን የተደረገውን ሽግግር ነው፦ ጉዳዩ ከቸር ሰው ኪስ ወደ ሕዝብ ምክር ቤት መዝገብ ተሸጋገረ።

የምጠይቀው

ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል በጀት እየተቀበሉ በምክር ቤታቸው ያጸድቃሉ። ከዚህ ገንዘብ አብዛኛው ለደመወዝ እንደሚውል የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ደጃፍ የረገጠ ሁሉ ያውቃል። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ችግር ይነገራል፤ ለእኔ ግን መንገድም ነው። በወረዳ በጀት ውስጥ የሚጸና ነገር ደመወዝ ነው። ደመወዝ የተቆረጠለት ሥራ በሚቀጥለው ሐምሌም አለ። ስለዚህ የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም፣ ዎርክሾፕም አይደለም፤ የሥራ መደብ ነው።

በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ በእያንዳንዱ ከተማ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት አንድ ልዩ ክፍል ይከፈት፤ ለእያንዳንዱም ሁለት የሠለጠኑ መምህራን ይቀጠሩ። ይህ 8 ደመወዝ ነው። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ምሩቃንን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ያስመርቃሉ። ሁለተኛ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከሚይዙት የቤተሰብ መዝገብ ላይ የልጆችን የዕድገት መዘግየት የሚመለከት አንድ ዓምድ ይጨመር፤ የተገኘው ልጅም ወዴት እንደሚላክ ይወሰን። ሦስተኛ፣ በሴፍትኔቱ ምዝገባ ላይ ከባድ ውስንነት ያለበትን ልጅ የምትጠብቅ እናት የጥበቃ ቀኗ እንደ ሥራ ቀን ይቆጠርላት። ይህ አዲስ ድርጅት አይፈልግም፤ በአሁኑ መዝገብ ላይ አዲስ መስመር ብቻ ይፈልጋል።

«ይህ ህልም ነው» የሚለኝ አይጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመርም በየቀበሌው ሁለት ደመወዝተኛ ሴቶች ይቀመጣሉ መባሉ ህልም ይመስል ነበር። ከ30 ሺህ በላይ ተቀጠሩ። በእስቴ ቆላ የሚኖር ሕፃን ክትባት የሚያገኘው በዚያ የበጀት ውሳኔ ነው።

«አገር በጦርነት ላይ ሆኖ ይህ ቅንጦት ነው» የሚለውን መከራከሪያ ግን በዝምታ አላልፈውም። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ የጤና ተቋማቷ ተዘርፈዋል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል በሌላ ግጭት ውስጥ ገብቷል፤ መንገድ ተዘግቷል፣ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ተኩስ ሲሰማ መሮጥ የሚችል ይሮጣል። ምሰሶው ላይ የታሰረው ልጅስ? ጦርነት የእነዚህን ልጆች ጥያቄ ወደ ኋላ የምንገፋበት ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ እንዲያውም በጦርነት የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች እነርሱ ናቸው። ጦርነቱም ቢሆን በጀት አለው። በዚህ አገር ለጥይት አቅም ጠፍቶ አያውቅም።

በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የወረዳ ምክር ቤቶች በጀት ለማጽደቅ ይሰበሰባሉ። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የተመረጣችሁ የምክር ቤት አባላት ሆይ፣ ሰነዱ ሲታደላችሁ ገጹን እየገለጣችሁ አንድ ነገር ፈልጉ፦ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የተመደበ አንድ መስመር። ካጣችሁት እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁም በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ከዚያ አገር የወጣን፣ በአዲስ አበባም በውጭም የምንኖር የተማርን ሰዎች ደግሞ፣ ለትውልድ መንደራችን የቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮ ስናዋጣ ይህንንም ጥያቄ ለተመራጮቻችን አብረን እንላክ። መዋጮ ማሰባሰብ አልልም፤ ጥያቄ መላክ ነው ያልኩት። መዋጮ የመንግሥትን ግዴታ ይሸፍናል እንጂ አያስፈጽምም።

የዚያ ልጅ እናት ዛሬ በሕይወት የለችም። አፈር ይቅለላትና፣ ከሞተ በኋላ ገመዱን ከምሰሶው ፈትታ ለጎረቤት የሰጠችው ጥጃ ሊታሰርበት ነው። ምሰሶው ላይ ገመዱ የፈገፈገው ቀለበት ግን ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ ይታይ ነበር። በእንጨት ላይ የተጻፈ ብቸኛው መዝገቡ ያ ነበር።

ቸር ይግጠመን።